ምንም የለብሽም የተባለችው ሴት

እስቲ ለጥቂት ጊዜ ጆሯችሁን አውሱኝ። የምተርክላችሁ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ በሚወጣው መንገድ ላይ ስለምትኖር ሴት ነው። ሆለታንና አዲስ ዓለምን አልፋችሁ ጊንጪ ስትደርሱ ገበያው መሃል ታገኟታላችሁ። ወደ አምቦ ብትዘልቁም አለች፤ ጉደርም፣ ጌዶም፣ ባኮም አለች። ስም ያልሰጠኋት ለዚህ ነው። ከብዙ ሴቶች ኑሮ የቀዳኋት ናት። ጎረቤት «አዴ» እያለ ይጠራታል፤ እኛም አዴ እንበላት።

አዴ አርባ ዓመት አልሞላትም። ሕመሙ የጀመራት ከትከሻዋ ነበር። «ጀሪካን አብዝቼ ነው» አለችና ተወችው። ከትከሻ ወደ አንገት ወጣ፣ ወደ ወገብ ወረደ፣ ዳሌና ጉልበቷን ያዘ። ዓመት ሳይሞላ ከሰውነቷ የማያማት ቦታ ጠፋ። ጠዋት ስትነሳ ሌሊቱን ስትደበደብ ያደረች ይመስላታል፤ ጣቶቿ እስኪፍታቱ ድረስ ሊጥ ማንሳት ያቅታታል። ትተኛለች፣ ግን እንቅልፍ አትጠግብም። ጨው ልታመጣ ጓዳ ትገባና ለምን እንደገባች ይጠፋባታል። ሲበርድ ይብስባታል፣ ስታዝን ይብስባታል፣ ሥራ ሲበዛባት ይብስባታል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያለ ምክንያት ቀለል ይላታል። ከሁሉ የከፋው ግን ይሄ ነው፦ ትንሹ ልጇ ከትምህርት ቤት ሮጦ መጥቶ ሲያቅፋት ያማታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ልጄ ሲያቅፈኝ አመመኝ የምትልን እናት ማን ይሰማታል?

ታዲያ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። የእኛ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚያንኳኳው የቤቱን እውቀት ነው። አንዷ ጎረቤት ምች ነው ብላ ዳማከሴ አሸችላት። ሌላዋ ብርድ ነው ብላ የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልታ፣ በጋቢ ሸፍና አጠነቻት። እናቷ ከገጠር መጡ፤ ለጋ ቅቤ አሙቀው፣ ምድጃው አጠገብ አስቀምጠዋት፣ ጀርባዋን ቀስ እያሉ አሹላት። ያን ሌሊት ተኛች። እናቷ እስከሰነበቱ ድረስ በየማታው አሿት፣ በየሌሊቱም ተኛች። እሳቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ሕመሙም ተመለሰ።

ከዚያ ወደ ወጌሻ ሄደች። ወጌሻው የተሰበረ በማቃናት፣ የወለቀ በመመለስ የታወቁ ሰው ናቸው። «ጅማትሽ ተቋጥሯል፤ መፍታት ነው» አሏትና በአውራ ጣታቸው አጥንቷ ድረስ ጫኑት። አዴ ሕመም በሕመም ይወጣል ብላ ጥርሷን ነክሳ ቻለች። ሁለት ቀን ከአልጋ አልወረደችም። ዋግምትም አስደረገች። ጠበልም ተጠመቀች፤ ልቧ ተጽናና፣ የሰውነቷ ቁርጥማት ግን አለቀቃትም።

በመጨረሻ ወደ ሕክምና ሄደች። ደሟ ተመረመረ፣ ሽንቷ ተመረመረ፣ ራጅ ተነሳች። ሁሉም ንጹሕ ነው ተባለ። የማስታገሻ መርፌ ተወጋች፤ አንድ ቀን እንኳ አላሻላትም። ደጋግማ ተመላለሰች። አንድ ወጣት ሐኪም ወረቀቱን አገላብጦ አየና «እናቴ፣ ምንም የለብሽም፤ አትጨነቂ» አላት። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊያጽናናት ብሎ ነው። አዴ ግን ከገባችበት የባሰ ታማ ወጣች። ቤት ስትደርስ ባሏ ጠየቃት፦

«ምን አሉሽ?»

«ምንም የለብሽም አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው የምትተኚው?»

ከዚያን ቀን ወዲህ ይህ ጥያቄ ከቤቱ አልወጣም። አማቷ ስንፍና ነው አሉ። ሌላው መንፈስ ነው አለ። ቆይታ ቆይታ እሷም ራሷን መጠርጠር ጀመረች።

እዚህ ላይ ትረካውን ትንሽ ላቁመውና ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። የአዴ ሕመም ስም አለው። ስሙ እስኪገኝ ድረስ ደግሞ በሰለጠነው ዓለምም እንደሷ ያሉ ብዙ ሴቶች ሲጠረጠሩ ኖረዋል።

በ1904 እ.ኤ.አ. (ወደፊትም ስለ ውጭ አገር ስናገር የምጠራው የአውሮፓውያኑን ዘመን ነው) ዊልያም ጋወርስ የሚባል የለንደን ሐኪም ስለ ወገብ ሕመም ሲያስተምር፣ ይህ ዓይነቱ ቁርጥማት የጡንቻ ማያያዣ ጅማቶች ብግነት ነው ብሎ ገመተና ፋይብሮሳይቲስ አለው። ከዘመን በኋላ ከታማሚዎች ጡንቻ ናሙና እየተወሰደ በማጉያ መነጽር ሲታይ ብግነት አልተገኘም። ብግነቱ ሲጠፋ ብዙ ሐኪሞች ሕመሙም የለም ወደማለት ሄዱ። ልክ እንደ አዴ ባል።

በ1975 ሃርቪ ሞልዶፍስኪ የተባለ የካናዳ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ሙከራ አደረገ። ምንም ሕመም የሌለባቸውን ወጣቶች አስተኛና፣ ጥልቁ እንቅልፍ ውስጥ በገቡ ቁጥር በድምፅ ረበሻቸው። ሙሉ በሙሉ አልቀሰቀሳቸውም፤ ከጥልቁ እንቅልፍ ብቻ አወጣቸው። ጥቂት ሌሊት እንዲህ ሲሆን ጤነኞቹ ወጣቶች ሰውነታችን ደነደነ፣ ሲነኩን ያመናል፣ ደከመን ማለት ጀመሩ። እንቅልፋቸው ሲመለስ ሕመሙ ሄደ። ይህን ሙከራ እወደዋለሁ፤ «እተኛለሁ ግን እንቅልፍ አልጠግብም» የምትል ሴት የምትናገረው ከሕመሟ ጋር የተያያዘ ነገር እንደሆነ ያሳያልና።

በተከታዩ ዓመት፣ በ1976፣ ስሙ ተለወጠና ፋይብሮማያልጂያ ተባለ። በ1990 የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ መለያ አወጣ፦ ሕመሙ በመላ ሰውነት ተሰራጭቶ ከሦስት ወር በላይ ከቆየ፣ በሰውነት ላይ ከተመረጡ 18 ነጥቦችም ቢያንስ 11ዱ ሲጫኗቸው ካመሙ፣ ይህ ነው ተባለ። በ2010 ደግሞ ነጥብ መቁጠሩ ቀርቶ ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ስፋት፣ ስለ ድካሙ፣ ስለ እንቅልፉና ስለ መርሳቱ እንዲጠይቅ ተደረገ። ማለትም መለያው ከጣት ወደ ጆሮ ተዛወረ። ሐኪሙ ካላዳመጠ አያገኘውም።

ግን «እውነት ያማታል ወይ?» ለሚለው መልስ የሰጠው የ2002ቱ ጥናት ይመስለኛል። ሪቻርድ ግሬስሊና ባልደረቦቹ 16 ታማሚዎችንና 16 ጤነኞችን አንድ በአንድ የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ውስጥ አስተኝተው አውራ ጣታቸውን ጫኑት። ጤነኞቹን ብዙም በማይሰማቸው መጠነኛ ግፊት የታማሚዎቹ አንጎል የሕመም ክፍሎች በሥራ ተሞሉ። ጤነኛው ያንኑ ያህል እንዲያመው ወደ እጥፍ የሚጠጋ ግፊት አስፈለገ። ሴትዮዋ አላስመሰለችም። አንጎሏ በእርግጥ ሕመም እየተቀበለ ነው።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ጡንቻውም አጥንቱም ደህና ነው፤ የተዛባው ሕመምን የሚያደርሰውና የሚመዝነው የነርቭ ሥርዓት ነው። ሌባ ሲመጣ ብቻ መጮህ የነበረበት የግቢ ውሻ ቅጠል ሲወድቅም ሌሊቱን ሙሉ እንደሚጮኸው ነው። ግቢው አልተዘረፈም፤ በቤቱ ግን ሰላም የሚያድር የለም። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ያህሉ ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል፤ የሚበዙትም ሴቶች ናቸው። ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት አዲስ የበሽታዎች ምደባም ፋይብሮማያልጂያን ራሳቸውን ከቻሉ የቆዩ ሕመሞች ተርታ አስገብቶታል።

ወደ አዴ እንመለስ። የእህቷ ልጅ አዲስ አበባ ወሰደቻትና አንድ ሐኪም ፊት ተቀመጠች። ይህኛው ሐኪም ወረቀት ከማገላበጡ በፊት ጠየቀ። ስንት ጊዜ ሆነሽ? እንቅልፍሽስ? ሲነኩሽ ያምሻል? አንገቷን ዳሰሰ፤ የእንቅርት ዕጢ ሥራው ሲቀንስ እንዲሁ ያደክማል፣ ያሳምማልና። ጥሬ ወተት ትጠጪያለሽ ወይ አላት፤ ከከብት የሚተላለፈው ብሩሴሎሲስ መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ ያልባል፣ ያደክማል፤ ከብት በሚረባበት አገር ይህን ሳይጠይቁ ማለፍ አይገባም። የደም ማነስ፣ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ የአከርካሪ ቲቢ እንዳይሆን አጣራ። ከዚያ በኋላ ነው የተናገረው።

«ይህ ሕመም አለ። ስሙ ፋይብሮማያልጂያ ይባላል። አይገድልሽም፣ መገጣጠሚያሽን አያጣምመውም። ግን እውነተኛ ሕመም ነው።»

አዴ አለቀሰች። መድኃኒት ሳትወስድ በፊት፣ እጅ ሳያሻት በፊት፣ ግማሹ ሸክም እዚያ ወንበር ላይ ወረደላት።

ሐኪሙ ለሌሊት የሚሆን አነስተኛ መጠን ያለው አሚትሪፕቲሊን ጻፈላትና ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላካት። በየጊዜው ትወጋው የነበረው የማስታገሻ መርፌ ለዚህ ሕመም እምብዛም እንደማይረዳም ነገራት። ያ መርፌ የሚያበርደው ብግነትን ነው፤ እዚህ ብግነት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ደረስሁ። ፊዚዮቴራፒ ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው ታማሚው ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ይራመዳል፣ ያነሳል፣ ይዘረጋል። በሌላው ታማሚው ተዝናንቶ ይተኛል፣ ሥራውን ባለሙያው ወይም መሣሪያው ይሠራል። ሙቅ ከረጢት ጀርባ ላይ ይደረጋል፤ ቀይ መብራት ይበራል፤ እጅ ቀስ ብሎ ያሻል፤ ክንድና እግር በሌላ ሰው እጅ ተይዞ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፤ ትንንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት በቆዳ በኩል ይሰጣል። አዴን ያገኘቻት ወጣት ባለሙያ የጀመረችው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። ገና እጇን ሳታሳርፍባት እንዲህ አለቻት፦ «እህቴ፣ የማደርገው ነገር ካመመሽ ወዲያው ንገሪኝ። እዚህ መቻል አያስፈልግም።»

ያ ቃል የሕክምናው ግማሽ ነው። ፋይብሮማያልጂያ ያለበት ሰው ሰውነት ጠንካራ ግፊትን እንደ ጥቃት ይቆጥረዋል። የወጌሻው አውራ ጣት ያላሻላት፣ የእናቷ መዳፍ ያሻላት ለዚህ ነው። እናቷ መጽሐፍ አላነበቡም፤ እጃቸው ግን የልጃቸውን ፊት እያየ ነበር የሚሠራው። ወጌሻዎቻችንን ማናናቅ አልፈልግም። ብዙ ሰው ከእጃቸው ድኗል፣ ለገጠሩም ከማንም የሚቀርቡት እነሱ ናቸው። ነገር ግን መላ ሰውነቱን ለሚያመው፣ ሲነካ ለሚሸማቀቅ ሰው ጉልበታቸውን ቀነስ ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ያስፈልጋል። በትኩስ ብረት መተኮስ ግን ፈጽሞ ይቅር፤ ጠባሳ ከመጨመር በቀር የሚፈይደው የለም።

ሙቀትና እሽታ ለምን ያሻላሉ? በ1965 ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ሁለት ሊቃውንት አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከቆዳ የሚነሳ የመዳሰስ ስሜት አከርካሪ ውስጥ ሲደርስ የሕመሙን መልእክት መንገድ ሊያጠብበት ይችላል አሉ። የተመታ ክርናችንን ወዲያው የምናሸው ያለ ነገር አይደለም። ከዚያም በላይ ሙቀት የተኮማተረ ጡንቻ ያላላል፣ የደነገጠውን የነርቭ ሥርዓት ያረጋጋል፣ እንቅልፍ ያቀርባል። በ2014 የወጣ አንድ የጥናቶች ግምገማ 9 ሙከራዎችንና 404 ታማሚዎችን አንድ ላይ አይቶ፣ እሽታው ቢያንስ አምስት ሳምንት ሲቀጥል ሕመምንም ጭንቀትንም እንደሚያቀል ጽፏል። የኤሌክትሪክ ንዝረቱን በተመለከተ ግን በ2017 የተደረገው ትልቅ ግምገማ ይረዳል ወይም አይረዳም ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። በ2016 የአውሮፓ የሩማቲዝም ሊግ መመሪያውን ሲያሻሽል ለእሽታ ድጋፉን አልሰጠም። በሙቅ ውሃ መታከምን በመጠኑ ደገፈ። ያለ ማመንታት፣ በጠንካራ ድምፅ የደገፈው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም የታማሚው የራሱ እንቅስቃሴ ነው።

አዴ ከጊንጪ አዲስ አበባ እየተመላለሰች እስከ መቼ ትታሻለች? የመኪናው ገንዘብ አለ፣ የቤቱ ሥራ አለ፣ ልጆች አሉ። ባለሙያዋም ይህን አላጣችውም። «አምቦ ቅርብሽ አይደለም ወይ?» አለቻት። «ፍል ውሃ አላችሁ እኮ።»

አምቦን የማታውቁ ካላችሁ ላስተዋውቃችሁ። ከአዲስ አበባ ከመቶ ኪሎ ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ፣ ከባሕር ጠለል ሁለት ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች የምዕራብ ሸዋ ዋና ከተማ ናት። መሬቷ ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ነው፤ ከከርሰ ምድሯ በጋዝ የታመቀ፣ በማዕድን የበለጸገ ውሃ ይወጣል። ያ ውሃ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ በመላ አገሪቱ ሲጠጣ ኖሯል፤ ሰው ማዕድን ውሃ ሲፈልግ በየምግብ ቤቱ «አምቦ» ብሎ የሚያዝ እስኪሆን ድረስ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ከተማዋ ሀገረ ሕይወት ተብላ ነበር። በደቡብ በኩል የምትጎራበታት ወሊሶም ፍል ውሃ አላት፤ እሷም ያን ጊዜ ጊዮን ትባል ነበር። በሁለቱ መካከል ወንጪ አለ፤ እሳተ ገሞራው ሐይቅ ሆኖ የቀረበት፣ በሸለቆው ፍል ውሃ የሚፈልቅበት፣ ሰው ሰውነቱን ሊያርስበት የሚወርድበት ቦታ።

አገራችን ለፍል ውሃ ያላት ፍቅር ትልቅ ነው። ዋና ከተማዋ ራሷ የተቆረቆረችው በዚሁ ምክንያት አይደለም ወይ? እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ ወርደው ሲታጠቡ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት ይሠራልኝ አሉ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተባለች። ቁርጥማት የያዘው መኳንንትም ገበሬም በአንድ ምንጭ ሲታጠብ ኖሯል። ስለዚህ ለአዴ ፍል ውሃ አዲስ ነገር አልነበረም። አዲስ የሆነባት የሕክምና ባለሙያ ስታዝዘው መስማቷ ነው።

ሳይንሱም ባዶ እጁን አይደለም። በ2001 የእስራኤል ሐኪሞች 48 የፋይብሮማያልጂያ ታማሚዎችን ሙት ባሕር አጠገብ አሥር ቀን አሰነበቱ። ግማሾቹ በየቀኑ በሞቀው የድኝ ውሃ ታጠቡ፣ ግማሾቹ ሳይታጠቡ እዚያው አረፉ። ሁለቱም ወገን ተሻለው፤ የታጠቡት ግን ይበልጥ ተሻላቸው፣ የሰውነታቸው እፎይታም እስከ ሦስት ወር ዘለቀ። ልብ በሉ፤ ያልታጠቡትም ተሻላቸው! አሥር ቀን ውሃ ሳይቀዱ፣ እንጨት ሳይሸከሙ፣ ማንም ሳይጠረጥራቸው ማረፍ በራሱ መድኃኒት ነው። ለአዴ ይህን ዕረፍት የሚሰጣት ማን ነው? ይህ ለባሎች የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

የአምቦ ዓይነት ጋዝ ያለበት ውሃም በሌላ አገር ለሕክምና ሲያገለግል ቆይቷል። በፈረንሳይ ርዋያ በምትባል ከተማ ሐኪሞች ታማሚን በእንዲህ ያለ ውሃ ይነክራሉ፤ ጋዙ በቆዳ ሲገባ ደቃቅ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ ቆዳው ቀላ ብሎ ይሞቃል። ይህ ማለት ግን የአምቦን ውሃ መጠጣት ፋይብሮማያልጂያን ያድናል ማለት አይደለም፤ እንዲህ ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ አትመኑት። ጨዋማ ማዕድን ስላለበት የደም ግፊት ያለበት ሰው ሲጠጣው በመጠን ይሁን። ለዚህ ሕመም የሚጠቅመው በሙቅ ውሃ ውስጥ ሰውነትን ማሳረፍ ነው፤ ሃያ ደቂቃ ያህል፣ ውሃው ከሰውነት ሙቀት ብዙ ሳይርቅ። የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ግፊቱ የሚወርድበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይግባ።

አዴ ገበያ በሌለበት ቀን ሚኒባስ ተሳፍራ አምቦ ወረደች። እህቷ አብራት ነበረች። ውሃው ውስጥ ገብታ እስከ አንገቷ ሰጠመች። ትከሻዋ ላላ። ሲመሽ ቤቷ ገብታ እንደ እናቷ የቅቤ ሌሊት ተኛች። በሳምንቱም ሄደች። በዚህ ብንጨርስ ትረካው ያምር ነበር፤ ነገር ግን እውነቱ በዚህ አያበቃም። ፍል ውሃው፣ ሙቁ ከረጢት፣ የሰው እጅ፣ ሁሉም የሚሰጡት እፎይታ እውነተኛ ነው፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው። በእሱ ብቻ የተንጠለጠለ ሰው እጁ ሲርቅ፣ የመኪና ገንዘብ ሲያልቅ ወደነበረበት ይመለሳል። እኔ ይህን ሕክምና የማየው እንደ ክፍት በር ነው። ሕመሙ ለጥቂት ሰዓት ሲቀንስ ሰውነት ፍርሃቱን ይተዋል፤ ያቺን ሰዓት የተጠቀመባት ሰው ነው ሩቅ የሚሄደው።

ባለሙያዋ ለአዴ ያዘዘችው ይህንኑ ነው። «ከውሃው ስትወጪ ወዲያው አትተኚ። ጥቂት አርፈሽ አሥር ደቂቃ ተራመጂ። ውሃው ውስጥ ሳለሽም እስከ ደረትሽ ቆመሽ ወዲያና ወዲህ ሂጂ፣ ክንድሽን ግፊ።» ውሃ ክብደትን ይሸከማል፤ በደረቅ መሬት የሚያም እርምጃ በውሃ ውስጥ ይቀላል። በ2014 የወጣ ግምገማ 16 ጥናቶችንና 881 ሰዎችን አይቶ፣ በውሃ ውስጥ መንቀሳቀስ የታማሚዎቹን ሕመምና የሰውነት መደንደን እንደሚያቀል፣ የዕለት ኑሯቸውንም እንደሚያሻሽል ጽፏል።

አዴ ግን መለሰችላት፦ «እህቴ፣ እኔ ስንቀሳቀስ አይደለም እንዴ የምውለው? ውሃ እቀዳለሁ፣ እንጨት እሸከማለሁ፣ እጋግራለሁ። ምን ዓይነት እንቅስቃሴ ልጨምር?»

ይህ ጥያቄ በብዙ የሕክምና መመሪያ ውስጥ የለም፤ መመሪያውን የጻፉት ቀኑን ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ነውና። የጊንጪዋ ሴት ችግር እንቅስቃሴ ማነሱ አይደለም። በደህና ቀኗ የሳምንቱን ሥራ ሁሉ አንድ ላይ ትጨርሳለች፣ ከዚያ ሦስት ቀን ትወድቃለች፣ ተነስታ እንደገና ትጎዳለች። ለሷ ሕክምናው ሸክሙን መከፋፈል ነው። ሃያ ሊትሩን ጀሪካን በሁለት አምስት ሊትር እያደረጉ መመላለስ፣ ከምጣዱ ፊት ጎንበስ ብሎ ከመቆም በርጩማ ላይ መቀመጥ፣ ልብስ ማጠቡን ለሁለት ቀን መክፈል፣ ደህና በሆኑበት ቀንም ከልክ አለማለፍ። ከዚያ ጎን ደግሞ ያለ ሸክም፣ ለራስ ብቻ፣ በየቀኑ ትንሽ መራመድ። ዛሬ አሥር ደቂቃ፣ ሰውነቱ ሲለምደው አሥራ አምስት። በሸክም መራመድና ያለ ሸክም መራመድ ለነርቭ አንድ አይደሉም፤ አንደኛው ያስጨንቀዋል፣ ሌላው ያረጋጋዋል።

ይህ ሁሉ ደግሞ ቤተሰቡ ካላወቀ አይሆንም። ጀሪካኑን ማን ይጋራታል? በሚቀጥለው ቀጠሮ ባሏ አብሯት ሄደ። ሐኪሙ የአውራ ጣቱን ጥናት ነገረው። ሰውየው ዝም ብሎ ሰማ። ከዚያ በኋላ ማለዳ ውሃ የሚቀዳው ከትልቁ ልጁ ጋር እሱ ሆነ። ትንሹም ልጅ እናቱን ቀስ ብሎ ማቀፍ ተማረ።

አዴ አልዳነችም። ይህን ልደብቃችሁ አልፈልግም፤ እስካሁን ፋይብሮማያልጂያን ከሥሩ የሚነቅል ሕክምና የለም። ክረምት ሲገባ ይብስባታል። ግን የምትተኛባቸው ሌሊቶች በዝተዋል፣ ስሙን ታውቃለች፣ ምን እንደሚያባብስባትና ምን እንደሚያቀልላት ታውቃለች።

አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችን ያስተምራል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችን ያስመርቃል። ፍል ውሃው በአምቦ፣ በወሊሶና በወንጪ ይፈልቃል። ሐኪሙን፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውንና ፍል ውሃውን የሚያገናኝ ሥራ ቢጀመር፣ ማለትም በፍል ውሃው አጠገብ በሳምንት የተወሰነ ቀን አንድ የሠለጠነ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢቀመጥ፣ የአካባቢው ሴቶች በአነስተኛ ክፍያ ገብተው በውሃ ውስጥ እንዲንቀሳቀሱ ቢረዳቸው፣ ከጊንጪም ከጉደርም የሚመጣው ሰው ብዙ ይሆናል። የዞኑ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ ዩኒቨርሲቲውና የፍል ውሃዎቹ ባለቤቶች ተቀምጠው እንዲመክሩበት እማጸናለሁ። ሕንጻ አይጠይቅም፤ ውሃው ፈልቋል፣ ባለሙያው ተመርቋል።

ይህን የምትሰሙ እናቶችና እህቶች ደግሞ፣ መላ ሰውነታችሁን ማመም ከጀመራችሁ ሦስት ወር ካለፈ፣ እንቅልፍ ካልጠገባችሁ፣ ምርመራው ሁሉ ንጹሕ ነው ከተባላችሁ፣ ተስፋ ቆርጣችሁ ቤት አትቀመጡ። ሐኪሙ ፊት ስትቀርቡ ስሙን ራሳችሁ አንሱለት፦ «ዶክተር፣ ፋይብሮማያልጂያ ይሆን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።